ደንገጎን ለሚወጣ ሞተር ጎማ አመራረጥ

የድሬዳዋ ሞተረኛ ሁለት ዓይነት መንገድ ላይ ነው የሚውለው። ታች ሜዳው አለ። ወደ መልካ ጀብዱ ስትወጣ መሪ ሳታዞር ብዙ ትሄዳለህ። ላይ ደግሞ ወደ ሐረር የሚወጣው የደንገጎ ዳገት አለ። ኩርባ ከኩርባ፣ በአንድ በኩል ገደል፣ ከፊት ለፊት ደግሞ የጫት አይሱዙ። ሜዳው የጎማህን መሃል ይበላል። ዳገቱ የጎማህን ጠርዝ ይጠይቃል። ለስፖርት ቱሪንግ ሞተር ጎማ ስትመርጥ እነዚህን ሁለቱን ማስታረቅ ነው ሥራህ።

ስፖርት ቱሪንግ የምንለው ረጅም መንገድ የሚሄድ፣ ሻንጣና ሰው የሚጭን፣ ግን ኩርባ ላይ የማይንቀራፈፍ ሞተር ነው። ያማሃ ኤፍ ጄ አር 1300፣ ሆንዳ ቪ ኤፍ አር 800፣ ያማሃ ትሬሰር 900፣ ቢ ኤም ደብሊው አር 1250 አር ቲ የመሳሰሉት። ድሬ ውስጥ እንደ ባጃጅ በየጥጉ የምታገኛቸው አይደሉም። ጎማቸውም እንደዚያው ነው። ወይ ከአዲስ አበባ ታስመጣለህ፣ ወይ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ትለምናለህ። ከተሳሳትክ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ረጋ ብለህ አንብበኝ። (አንተ እያልኩ ነው የምቀጥለው። ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙም አይሠራም።)

መጀመሪያ የድሮውን ጎማ አንብብ

አዲስ ከመግዛትህ በፊት ሞተሩ ላይ ያለውን ጎማ ቁጭ ብለህ እየው። ስለ አነዳድህ ከአንተ የበለጠ ያውቃል።

የኋላውን ጎማ ከጀርባ ሆነህ ተመልከት። ጤነኛ የሞተር ጎማ እንደ እንቁላል ጫፍ ክብ ነው። ሜዳ ላይ ብዙ የሄደ ጎማ ግን መሃሉ ተበልቶ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ የመኪና ጎማ ይመስላል። ታች ከተማ ውስጥ ይህ ችግሩ አይታወቅህም። ቀጥ ብለህ ስትሄድ እንዲያውም ተረጋግቶ ይይዝሃል። ደንገጎ ስትደርስ ነው ጉዱ። ሞተሩን ለማጋደል ስትሞክር መጀመሪያ እንቢ ይልሃል። ከዚያ ጠፍጣፋው አልቆ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ዝርግፍ ብሎ ይጋደላል። እኔ መጀመሪያ ሲያጋጥመኝ መሪው የተበላሸ መስሎኝ መካኒክ ጋ ሄጃለሁ። ሰውዬው ሞተሩን እንኳ አልነካውም። በእጁ ጎማውን ዳበስ አድርጎ «በዚህ ነው ደንገጎ የወጣኸው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ጥርሱንም እይ። በጥርሶቹ መሃል፣ ቦዩ ውስጥ፣ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። የጎማው ጎን ላይ ቲ ደብሊው አይ የሚል ምልክት ወይም ትንሽ ሦስት ማዕዘን ቦታቸውን ይጠቁምሃል። ጥርሱ ከጉብታው ጋር እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል። እኔ እስከዚያ አልጠብቅም። ክረምት ከመግባቱ በፊት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ከቀረው እቀይራለሁ።

ከዚያ ስንጥቅ ፈልግ። ጎኑ ላይና ቦዩ ውስጥ እንደ ደረቀ መሬት የተሰነጣጠቀ ጎማ፣ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም፣ ዋጋ የለውም። የድሬ ፀሐይ ጎማን ያደርቃል። ቀኑን ሙሉ ደጅ የሚቆም ሞተር ካለህ ይህን ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ።

ቁጥሩን መፍታት

ጎኑ ላይ እንዲህ የሚል ታገኛለህ፤ 120/70 ዜድ አር 17 (58 ደብሊው)። ኋላው ደግሞ ብዙ ጊዜ 180/55 ዜድ አር 17 (73 ደብሊው) ነው።

120 ስፋቱ ነው፣ በሚሊ ሜትር። 70 የቁመቱ መጠን ነው፤ ጎማው ከስፋቱ 70 በመቶ ያህል ቁመት አለው ማለት ነው። አር ማለት ራዲያል፣ ማለትም የውስጥ ክሩ አሠራር ነው። 17 የቸርኬው መጠን በኢንች። 58 የጭነት ቁጥር ነው፤ 236 ኪሎ ይሸከማል። 73 ደግሞ 365 ኪሎ። ደብሊው የፍጥነት ደረጃ ነው፤ 270 ኪሎ ሜትር በሰዓት። በቅንፍ ውስጥ ከሆነ ከዚያም ያልፋል።

«ማን 270 ይነዳል?» ትለኝ ይሆናል። ማንም። የኛ መንገድ ላይ ግመል አለ፣ አህያ አለ፣ ሳያይ የሚያቋርጥ ሰው አለ። ግን ደረጃው ስለ ፍጥነት ብቻ አይደለም። ጎማው ሙቀትን እንዴት እንደሚችልና አጥንቱ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነም ይነግርሃል። ሰኔ ላይ በቀትር፣ ሰው ጭነህ አስፋልቱ ላይ ስትሮጥ የሚያስፈልግህ እሱ ነው። ስለዚህ የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ከተጻፈው የጭነትም የፍጥነትም ደረጃ ወደ ታች አትውረድ።

መጠኑንም አትቀይር። 180 ላይ 190 ቢገባ ያምራል የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ለ180 የተሠራ ቸርኬ 190ውን ከጎንና ከጎን ይጨምቀዋል፤ ቅርጹ ይበላሻል፣ ሞተሩም ለመታጠፍ ይሰንፋል። ማማሩ ለፎቶ ነው።

ሁሉም ሞተር ደግሞ ከላይ የጻፍኩትን መጠን አይጠቀምም። ካዋሳኪ ቨርሲስ 650 ኋላው 160/60 ነው። ሆንዳ ኤስ ቲ 1300 ደግሞ ፊቱ 18 ኢንች ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ካለህ ጎማህን ቀድመህ ፈልግ። ካለቀ በኋላ ብትጀምር ሞተርህ ወራት ሊቆም ይችላል።

«የ2017 ነው፣ አዲስ ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔ የተሞኘሁት እዚህ ነውና።

ጎማ ጎኑ ላይ ዶት የሚል ጽሑፍ አለ። የዚያ መጨረሻ ላይ አራት ቁጥር ታገኛለህ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው። 1817 ማለት በ2017 በ18ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር!

የገዛሁበት ሱቅ ውስጥ ያለው ልጅ ቁጥሩን በጣቱ እያሳየ «ይኸው፣ የ2017 ነው፣ አዲስ ነው» አለኝ። እኔም በእኛ ዘመን አስቤ ደስ አለኝ። ልጁ ሊያታልለኝ ይሁን እሱም እንደኔ ተሳስቶ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። የፈረንጅ 2017 በ18ኛው ሳምንቱ በእኛ ሚያዝያ 2009 መጨረሻ ነው። አዲስ ብዬ የገዛሁት ጎማ መጋዘን ውስጥ አርጅቶ ነበር። ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ላስቲኩ ግን እንደ ጣውላ። የመጀመሪያው ዝናብ ላይ ኋላው በትንሽ ነዳጅ ሁሉ መዋለል ጀመረ።

ስለዚህ ስሌቱን ያዝ። የሳምንቱ ቁጥር እስከ 36 ከሆነ ከዓመቱ 8 ቀንስ። 37 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 7 ቀንስ፤ እንቁጣጣሽ እዚያ አካባቢ ነው የሚውለው። 1022 ከሆነ 2014 ዓ.ም. ነው። 4522 ከሆነ ደግሞ 2015።

የኔ ልክ ይኸ ነው፤ ከተመረተ ከ2 ዓመት ያላለፈውን ያለ ጭንቀት እገዛለሁ። 3 ዓመት የሆነው ላይ ዋጋ እከራከራለሁ፣ የት እንደተቀመጠም እጠይቃለሁ። ከዚያ በላይ አልገዛም። ከሰው ጋር ስታስመጣ የዚህን ቁጥር ፎቶ ላክልኝ በል። ሳጥኑን ሳይሆን ቁጥሩን። የፊቱንም የኋላውንም፣ ምክንያቱም አብረው የተሸጡ ጎማዎች የአንድ ዘመን ላይሆኑ ይችላሉ።

የትኛው ዓይነት?

ሦስት ሰፈር አለ በለው። አንደኛው የስፖርት ጎማ ነው። ለስላሳ ነው፣ ኩርባ ላይ እንደ ሙጫ ይይዛል፣ ግን እስኪሞቅ ይፈልጋል፣ ቶሎም ያልቃል። በድሬ ሜዳ ላይ መሃሉ እንደ ሳሙና ይሟሟል። ሁለተኛው ለከባድ የጉዞ ሞተር የሚሠራው ደረቅ ጎማ ነው። ዕድሜ አለው፣ ኩርባ ላይ ግን ልብ አይሰጥህም። መሃል ላይ ያለው የስፖርት ቱሪንግ ጎማ ነው፤ ለእኛ የሚሆነው እሱ ነው።

ምክንያቱም የኋላው ጎማ አሠራር ለሁለቱም መንገዳችን የተሠራ ይመስላል። በብዙዎቹ ላይ መሃሉ ጠንከር ያለ ላስቲክ ነው፤ ሜዳውን ይችላል። ጠርዞቹ ለስለስ ያሉ ናቸው፤ ደንገጎ ላይ ሲጋደል አስፋልቱን ይይዛል። ስትገዛ «ባለ ሁለት ላስቲክ ነው ወይ?» ብለህ ጠይቅ። ሌላው ነገር ላስቲኩ ውስጥ ያለው ሲሊካ ነው። ሲሊካ የበዛበት ጎማ ቀዝቃዛና እርጥብ አስፋልት ላይ ቶሎ ይይዛል። ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል በሞተር የሄደ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ታች በላብ ተነስተህ ላይ ጉም ውስጥ ትገባለህ፤ መንገዱ ላይ ከዳገቱ የወረደ ጠጠር፣ ከከባድ መኪና የፈሰሰ ናፍጣ አለ።

ስማቸውን ልጥራልህ። ሚሽሊን ሮድ 6፣ ፒሬሊ ኤንጅል ጂ ቲ 2፣ ሜትዝለር ሮድቴክ 01፣ ብሪጅስቶን ባትላክስ ቲ 32፣ ደንሎፕ ሮድስማርት 4፣ ኮንቲኔንታል ሮድአታክ 4። ከእነዚህ የትኛው ይበልጣል እያሉ የሚጨቃጨቁ ሰዎች አሉ። ተዋቸው። ስድስቱም በአንድ ደረጃ ላይ ያሉ ጎማዎች ናቸው። በእኛ አገር ምርጫው የሚወሰነው በተገኘው መጠንና በተመረተበት ቀን ነው። አንድ ዓመት የሆነው ሁለተኛ ምርጫህ አምስት ዓመት ከሆነው አንደኛ ምርጫህ ይሻላል።

ሞተርህ ከባድ ከሆነ፣ ማለትም እንደ ኤፍ ጄ አር ወደ 300 ኪሎ የሚጠጋ ከሆነና ሰውና ሻንጣ የምትጭን ከሆነ፣ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ለከባድ ሞተር አጥንቱ የተጠናከረ ዓይነት አላቸው። ሚሽሊን ሮድ 6 ጂ ቲ አንዱ ነው። ብቻህን በቀላል ሞተር ለምትሄድ ግን አያስፈልግህም፤ ይደርቅብሃል።

ፊትና ኋላ አንድ ዓይነት ይሁኑ። ኋላው ቀድሞ ስለሚያልቅ ብዙ ሰው ያገኘውን ይለጥፍበታል። አንዱን ብቻ መቀየር ካለብህ ያው ፋብሪካ፣ ያው ሞዴል ፈልግ። ራዲያልን ከራዲያል ካልሆነ ጋር መቀላቀል ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም።

ጎሚስታው ጋ

ጎማው ደረሰ። አሁን የሚገጥምልህ ሰው ያስፈልግሃል። የኛ ጎሚስታዎች ጎበዞች ናቸው፤ ነገር ግን እጃቸው የለመደው የከባድ መኪናና የባጃጅ ጎማ ነው። የሞተርህ ቸርኬ አሉሚኒየም ነው። ጎማ የሚያወልቁበት ትልቁ ብረት አንዴ ከነከሰው ጠርዙ ይጎዳል፣ ከዚያ አየር ቀስ እያለ ያመልጥሃል። ስለዚህ ቆመህ አስገጥም። ሻይ ልጠጣ ብለህ አትሂድ።

እኔ የማደርገው ይኸ ነው። የቢጫ ዘይት ጀሪካን ቆርጬ ሦስት አራት ቁራጭ ይዤ እሄዳለሁ። ብረቱ ቸርኬው ላይ በሚያርፍበት ቦታ ሁሉ አንዷን ቁራጭ እናስገባለን። የጎማው ከንፈር ላይ የሳሙና ውሃ በደንብ ይቀባል፤ ግሪስ ወይም የሞተር ዘይት አይሆንም። ጎማው ሲወልቅና ሲገባ የፍሬን ዲስኩ መሬት እንዳይነካ ሁለት ጣውላ ወይም አሮጌ ጎማ ሥር ይደረጋል። ዲስክ ከተጣመመ የጎማው ወጪ ምንም አይደለም።

ቫልቮላው አብሮ ይቀየር። በጣም ርካሽ ነገር ነው፤ እሱ ደርቆ አየር ቢያወጣ ግን ጎማውን እንደገና ማውለቅ ነው። ሞተርህ የጎማ አየር የሚለካ ሴንሰር ካለው ደግሞ ቫልቮላው ሥር ነው የሚቀመጠው። ሳይጀመር ንገረው፣ አለበለዚያ በብረቱ ይሰብረዋል።

ከመግባቱ በፊት ሁለት ነገር እይ። ቀስቱን፦ ጎኑ ላይ ያለው ቀስት ጎማው ወደ ፊት የሚዞርበትን አቅጣጫ ያሳያል። ነጥቡን፦ ጎማው ላይ ባለ ቀለም ነጥብ ካለ ቀላሉ ቦታ እሱ ነው፤ ከቫልቮላው ጎን ይሁን። ከዚያ አየር ሲሞላ ጎማው ቸርኬው ላይ ሲቀመጥ «ቋ!» ይላል። ሁለት ጊዜ ነው የሚለው፣ ለእያንዳንዱ ጎን። አንዴ ብቻ ከሰማህ አንደኛው ጎን አልተቀመጠም። ጎኑ ላይ ከቸርኬው ጠርዝ ጋር ትይዩ የሆነች ቀጭን መስመር አለች፤ ዙሪያዋን ርቀቷ እኩል መሆኑን አረጋግጥ። አልቀመጥ ካለ ሳሙና ጨምሮ እንደገና ነው እንጂ፣ የከባድ መኪናውን አየር አምጥቶ መግፋት አይደለም። ጎኑ ላይ የተጻፈው ጣሪያ አለ፣ እሱ አይታለፍም።

የሚዛን ማሽን ከሌለ ቸርኬውን በራሱ ዘንግ ላይ በሁለት መደገፊያ መሃል አንጠልጥለህ በነፃ እንዲዞር ማድረግ ይቻላል። ከባዱ ቦታ ሁሌም ወደ ታች ይመጣል። በትይዩው ላይ የሚዛን እርሳስ ትለጥፋለህ፣ የትም ብታቆመው እዚያው እስኪረጋ ድረስ። ጊዜ ይፈጃል፣ ግን ይሠራል።

አንድ ቀን ሚስማር ቢወጋህ ጎሚስታው «አቦ ምን ያስጨንቅሃል፣ የውስጥ ጎማ እንክተትበት» ይልሃል። እንቢ በል። ያለ ውስጥ ጎማ እንዲሠራ የተሠራ ራዲያል ውስጥ ሌላ ጎማ ስትከት ሁለቱ ይፋተጋሉ፣ ሙቀት ይፈጥራሉ። ሜዳው ላይ በ100 ስትሄድ ቢፈነዳ አስበው። ቀዳዳው መሃሉ ላይ ከሆነና ትንሽ ከሆነ ከውስጥ ይለጠፋል። ጠርዙ ወይም ጎኑ ላይ ከሆነ ጎማው አበቃለት። መንገድ ላይ ከውጭ የሚወተፈው ላስቲክ እስከ ጎሚስታ የሚያደርስህ ነው፤ ቀስ ብለህ። ከደንገጎ ወደ ሂርና አቅጣጫ ለምትሄድ ግን ያችን መወተፊያና ትንሽ ፖምፓ ሻንጣህ ውስጥ ይዘህ ተነስ።

አየሩ

የራስህን መለኪያ ግዛ። የጎሚስታው መለኪያ በቀን መቶ ጊዜ መሬት የወደቀ ነው።

ቁጥሩን ከሞተርህ መመሪያ ውሰድ። ለብዙዎቹ ፊቱ 36፣ ኋላው 42 ፒ ኤስ አይ አካባቢ ነው። የሚለካው ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ነው። ድሬ ላይ ቀዝቃዛ ማለት ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይመታው። በቀትር ብትለካ ሳይነዳም ሞቋል። ነድተህ ስትለካ አራት አምስት ጨምሮ ብታገኘው አትደንግጥ፣ አየሩንም አታስተንፍስ። ሲበርድ ይመለሳል።

ሐረር የምታድር ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አለ። ድሬ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሐረር ወደ 1,900 ይጠጋል። ከፍ ስትል በዙሪያህ ያለው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው ወደ 1 ፒ ኤስ አይ ጨምሮ ያሳይሃል። ብርዱ ግን ይቀንሰዋል፤ በየ5 ወይም 6 ዲግሪው 1 ፒ ኤስ አይ ገደማ። ከሰዓት በኋላ ድሬ ላይ በ32 ዲግሪ የሞላኸው ጎማ፣ ሐረር ሲነጋ በ14 ዲግሪ ስትለካው ሁለት ያህል ጎድሎ ታገኘዋለህ። ቀዳዳ ፍለጋ ጎሚስታ ቤት አትሩጥ። ሰው ጭነህ ወደ ጅጅጋ የምትቀጥል ከሆነ እዚያው ሙላው። ወደ ድሬ የምትመለስ ከሆነ ግን ተወው፤ ወርደህ በማግስቱ ጠዋት ለካ።

የመጀመሪያው 150 ኪሎ ሜትር

አዲስ ጎማ ያዳልጣል። ላዩ ልሙጥ ነው፣ አስፋልት ገና አላጫረውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አዲስ ጎማ አስገጥሞ ለሙከራ በቀጥታ ደንገጎ መውጣቱ ነው። ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ ባልሄደ ጎማ እነዚያ ኩርባዎች ላይ መጋደል ምን ይሉታል?

መጀመሪያ ወደ መልካ ጀብዱ ውጣ። ጠዋት፣ አስፋልቱ ደረቅ ሲሆን። ቀጥታው ላይ ፍሬንህን ቀስ በቀስ እያጠነከርክ ሞክር፣ ነዳጅ ድንገት አትስጥ። መሃሉ ከተጫረ በኋላ ሰፊ ማዞሪያ ፈልግና በቀስታ እየዞርክ፣ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ጨምረህ አጋድል። የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ባመጣ ሰሞን አሸዋ የቀረበት መንገድ ላይ ግን ይህን እንዳትሞክር። ጎማው ላይ ልሙጡ እየጠፋ ወደ ጠርዝ ሲሄድ በዓይንህ ታየዋለህ፤ ላዩ እንደ አሸዋ ወረቀት ይደበዝዛል።

ከዚያ ደንገጎን በመጀመሪያው ቀን እንደ ቱሪስት ውጣ። አወዳይ ላይ በተለይ ቀስ በል፤ የጫት ቅጠሉና ገረባው አስፋልቱ ላይ ሲረገጥ ከሙዝ ልጣጭ አይተናነስም፣ የትኛውም ጎማ አያድንህም። ሐረር ጀጎል ውስጥ የምትገባ ከሆነም ድንጋዩ ከዘነበበት ሞተሩን ሸዋ በር አካባቢ አቁመህ በእግርህ ግባ። ስትመለስ ቸርኬው ዙሪያ የሳሙና ውሃ ቀብተህ አረፋ የሚያወጣ ቦታ ካለ እይ፤ በሳምንቱ ደግሞ ጠዋት ተነስተህ አየሩን ለካ።